ባሚያ ይዘን ጎንደር ገባን

ባለፈው ወር ልጆቹን ይዤ ጎንደር ደርሼ መጣሁ። ጎንደር ሲባል ግንቡ፣ ጥምቀቱ፣ ፎቶግራፉ ይታወሳችሁ ይሆናል። እኔ ግን ይህን ጉዞ የማስታውሰው በአንድ ኪሎ ደረቅ ባሚያ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግሁት መተማ ዮሐንስ ነው። ባለቤቴ የጎንደር ልጅ ነው፤ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ እኔን አገባና እዚያው ቀረ። አማቴ ግን "ልጄን ቆላ በላብኝ" ነው የሚሉት፤ ልጃቸው በሰላም ሱቁን ከፍቶ ተቀምጦ ሳለ። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ደግሞ 7። መንገዱ አንድ ጊዜ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲዘጋ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አያታቸውን የሚያውቋቸው በስልክ ብቻ ነበር፤ እሱም መስመር ከተገኘ። በደወልን ቁጥር አማቴ ጤና ይጠይቁና ወዲያው ያቺን ጥያቄያቸውን ያመጣሉ፤ "ልጆቹ አሁንም በዐረብኛ ነው የሚዘፍኑት?"

እውነታቸውን ነው፣ ይዘፍናሉ። መተማ ላይ ያደገ ልጅ ምን ያድርግ? ገላባት እኮ ማዶ ነው። ሹፌሩም ነጋዴውም ራዲዮኑም ከዚያ ማዶ ዘፈን ይዞ ነው የሚሻገረው። የሱዳን ዜማ እንደ እኛው ትዝታና አምባሰል በአምስት ድምፅ የሚሄድ በመሆኑ ለጆሯችን ባዕድ ሆኖ አያውቅም፤ የሰይድ ኸሊፋንና የመሐመድ ዋርዲን ዘፈን የአዲስ አበባ ሰውም ያንጎራጉረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሸሽተው ወደ እኛ የተሻገሩት ደግሞ ዘፈናቸውን አብረው ይዘው መጡ። ትልቋ ልጄ ሰፈራችን ውስጥ ቡና ከምታፈላ አንዲት ሱዳናዊት እናት አንድ የናፍቆት ዜማ ተምራለች፤ ዕቃ ስታጥብ እሱን ነው የምታንጎራጉረው። ይህን ለአማቴ በስልክ ማን ያስረዳል?

እናም ጥር መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ሲዘጋ፣ መንገዱም ሰላም ነው ሲባል ተነሣን። ባለቤቴ ሱቁን ጥሎ መምጣት አልቻለም። እኔም አማት ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብዬ አምስት ኪሎ ሰሊጥ፣ ከርከዴና ያን አንድ ኪሎ ባሚያ ጠቀለልሁ።

ኮኪትንና ገንዳ ውኃን ካለፉ በኋላ መንገዱ ወደ ጭልጋ ሽቅብ ነው። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስትሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የትንሹ ጆሮ ተደፍኖ "እማዬ፣ ድምፅሽ ራቀ" አለኝ። ከቆላ ልጅ ይዛችሁ የምትወጡ ወላጆች የሚታኘክ ነገር፣ ሹራብና ፌስታል አትርሱ። የፌስታሉን ጥቅም የሚያውቅ ያውቀዋል።

መንገድ ላይ ልጆቹን ላጫውታቸው ብዬ የዚህን መንገድ ታሪክ ነገርኋቸው። ጎንደር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከሰናር የሚመጣ ነጋዴ በእኛ ቆላ በኩል ነበር የሚያልፈው። ፖንሴ የሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1699 ታላቁን ኢያሱን ሊያክም ጎንደር የገባው ከሰናር ተነሥቶ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ከቆየ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ በቆላው አድርጎ ወደ ሰናር ወረደ። ትልቋ ትንሽ አሰበችና "ታዲያ እኛ የጎንደር በር ነና" አለች። እኔ እንኳን እንደዚያ አስቤው አላውቅም።

አማቴ በር ላይ ሆነው ጠበቁን። ልጆቹን እያገላበጡ ሳሙ፣ አለቀሱ፣ ደግመው ሳሙ። ሰሊጡን ሲያዩ ደረታቸው ላይ አቅፈው "ይባርክሽ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ የባሚያውን ፌስታል ከፈት አድርገው አሸተቱ።

"ይኼ ያ ዝልግልጉ ነገር ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ይኼን ነው ልጄን የምታበይው?"

ፌስታሉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ከማድ ቤቱ ውጭ፣ ከሰል አጠገብ አስቀመጡት። እኔም ዝም አልሁ። ትልቋ ግን አየችው፤ አንድም ነገር አያመልጣትም።

በማግስቱ ግንቡን ለማየት ሄድን፤ እዚያ ላይ የሠራሁትን ስሕተት እናንተ እንዳትደግሙት ልናገር። የመጀመሪያውን ሰዓት ዓመተ ምሕረት ስቆጥርላቸው ፈጀሁት። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን መሠረቱ፣ ዙሪያ አጥሩ 900 ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ... ትንሹ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። "የደከመኝ ድንጋይ ማየት ነው" አለ። ከዚያ ያቺን የልጅ ጥያቄ ጠየቀ፤ "ንጉሡ ምሳ የሚበላው የቱ ጋ ነው?"

ለካ ግቢው መልስ አለው። እዚያው አጥር ውስጥ ዐፄ በካፋ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አለ። መኳንንቱ በማዕረግ ተራ ተራቸውን እየጠበቁ የሚቀመጡበት፣ ሥጋው የሚቆረጥበት፣ ጠጁ የሚቀዳበት። ከእሳቸው በፊት የነገሡት ሣልሳዊ ዳዊት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 ለአምስት ዓመት ብቻ ነግሠው ሳለ፣ ከሠሯቸው ነገሮች አንዱ የመዝሙርና የዘፈን አዳራሽ ነው። አስቡት፣ ከአንድ የንጉሥ ግቢ ውስጥ አንዱ ሕንፃ ለሆድ፣ አንዱ ለጆሮ! ይህን ከነገርኋቸው በኋላ ትንሹን ማን ያስቀምጠው። ከግብር ቤቱ ወደ ዘፈን ቤቱ እየሮጠ "እዚህ በሉ፣ እዚህ ዘፈኑ" እያለ እኔን አስጎበኘኝ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን በሆድና በጆሮ መራሁት። ቅዳሜ ገበያ ገብተን ዓይናችንን ጨፍነን ቅመም በማሽተት ተወራረድን፤ ኮረሪማውን ትንሹ፣ ጥቁር አዝሙዱን ትልቋ አወቁ፣ በሶብላው ላይ ሁላችንም ወደቅን። ፒያሳ ወጥተን ኬክ በላን፣ እኔ ማኪያቶዬን ጠጣሁ። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ ተሸንፎ ሲወጣ ሕንፃውንና ማኪያቶውን ትቶልን ሄዷል። አንዱን አፍርሱት፣ ሌላውን ጠጡት ያለን የለም፤ ሁለቱንም ይዘን ቀረን።

ከተማዋ ለጆሮ ያላት ሀብት ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማው ግን ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያው ጎንደር በአታ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ከበሮውን፣ ጸናጽሉን፣ መቋሚያውን እዚያ ነው የሚያጠራው። ትንሹ የከበሮ ድምፅ ሲሰማ እጄን ለቀቀ። በዓል ባይሆንም ወረብ የሚለማመዱ ተማሪዎች ካጋጠሟችሁ ልጃችሁን አስቀምጡትና ዝም በሉ። በነገራችን ላይ ጥምቀትን ለማየት ትንንሽ ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው፤ ለእናንተ ዕፁብ ድንቅ ነው፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሄድነው ከአማቴ ጋር ነው። ልጆቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው በጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ሲቆጥሩ፣ ሲሳሳቱ፣ እንደ ገና ሲጀምሩ ከቆዩ በኋላ፣ አማቴ ከውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ታሪኩን አወጉላቸው። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ሲነድዱ፣ ይህች ሥላሴ ተረፈች፤ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። ዐፄ ዮሐንስ ያን ሰምተው እንዴት እንደተቆጩ፣ በኋላም እንዴት ወደ ቆላ እንደዘመቱና በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ እንደወደቁ አማቴ ነገሩ። ድምፃቸው እዚያ ሲደርስ ዝቅ አለ።

"የኛ መተማ?" አለች ትልቋ።

"አዎ፣ ሌላ መተማ አለ እንዴ?"

"ታዲያ ዮሐንስ የሚባለው ለዚህ ነው?"

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። "አልነገርሻቸውም?"

አፈርሁ። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፣ በየደብዳቤው እንጽፈዋለን፤ እንዴት ሳልነግራቸው ኖርሁ? ትልቋ ግን ወደ ሌላ ነገር ሄዳለች። "እንግዲያው እምዬ፣ ለጎንደር ብሎ የሞተ ንጉሥ ከተማ ነው የምንኖረው" አለቻቸው። አማቴ መልስ አልሰጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው "ተነሡ፣ ፀሐይ በረታ" አሉ።

ጥር የሰርግ ወር ነው። በቀጣዩ ቀን የአማቴ ጎረቤት ልጃቸውን ድረው ዳስ ተጥሎ ነበርና አብረን ሄድን። አዝማሪ የሰማነው እዚያ ነው። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት፤ ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ቡርባክስ የሚባል መንደር አለ፣ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድበት። የማታ አዝማሪ ቤት ለእናንተ ይሁንላችሁ፣ ለልጅ አይሆንም። ልጅ አዝማሪን በቀን፣ በዳስ ውስጥ፣ ዘመድ መሐል ሆኖ ይስማ። ትንሹ ማሲንቆውን ቀርቦ አየና "አንድ ክር ብቻ?" አለ። አዝማሪው ሳቀ፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ መሆኑን አሳየው፣ አስነካው።

የአዝማሪ ዘፈን እንግዳው ካልተሳተፈ አይሞቅም። አንዱ ይነሣና "ተቀበል!" ይላል፣ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይመልሰዋል። ሽማግሌ ሰጠ፣ ሙሽራው ጓደኛ ሰጠ፣ ዳሱ ሞቀ። በመሐሉ አጠገቤ የነበረችው ልጄ ብድግ አለች። እጇን ልይዛት ስል አመለጠችኝ።

"ተቀበል!" አለች በዚያ ቀጭን ድምፅዋ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ "እሺ እመቤቴ" አላት።

"ሰሊጡን አቀፉት፣ ባሚያውን ገፉት፤
ካንድ ቆላ መጥቶ፣ እምዬ በምን ለዩት?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አዝማሪው ነገሩን ባያውቅም ሰምና ወርቅ እንዳለው ግን ገብቶታል፤ ደጋግሞ፣ አስረዝሞ፣ "እምዬ" የምትለዋን ቃል እየሳበ ዘፈነው። ጎረቤቶቹ ወደ አማቴ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። የሰሊጡን አማት ከባሚያዋ ምራት ጋር ለማገናኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ጉብኝት እዚህች ላይ አለቀ ብዬ ነበር።

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ከመቀነታቸው መቶ ብር ፈትተው ተነሡና አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉ። ሲመለሱ ልጄን አንገቷን አቅፈው "የማን ልጅ ናት ብላችሁ ነው?" አሉ ለሰው ሁሉ። ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ ያን የሱዳኑን ዜማ ዝፈኝልኝ አሏት። ዘፈነችላቸው። ቃሉን ባይሰሙም "ይኼማ ትዝታ ነው" አሉ፤ ሁለተኛ እንድትደግመው ጠየቋት።

ወደ መተማ ልንመለስ በተነሣንበት ዋዜማ ጠዋት ማድ ቤት ስገባ የባሚያው ፌስታል ከሰሉ አጠገብ የለም። ምድጃው ጎን ተቀምጧል፣ አፉም ተፈትቷል። አማቴ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

"ይኼ ዝልግልግነቱ በምን ይጠፋል?" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል፣ እማማ። ሲበስል ብዙ ማማሰል የለበትም።"

ቢላዋውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ሁለት ሎሚ በእጃቸው ነበር።