የሕፃናት የቪዲዮ ጨዋታና የጊዜው ወሰን

በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ ሠፈሮች፣ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ፕሌይስቴሽን ወደሚያጫውቱት ቤቶች ሲገቡ ማየት የተለመደ ነገር ሆኖአል። ሌሎቹም ከቤት ሳይወጡ በእናታቸው ስልክ ይጫወታሉ። ስለዚህ ነገር አንዱ ወገን ቤቶቹ ሁሉ ይዘጉ ሲል፣ ሌላው ዘመን ያመጣው ሥልጣኔ ነውና ዝም ይባል ይላል። ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ ፈርደዋል።

ጨዋታ ለሕፃን የሚገባ እንደ ሆነ ክርክር የለበትም፤ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ዕረፍትንና ጨዋታን ከመብት ይቈጥራልና። ከቪዲዮ ጨዋታም ጥቅም አገኘን የሚሉ መርማሪዎች አሉ። በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት 33 የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን መርምሮ፣ ቀድሞ በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ ይጫወቱ የነበሩት በልምምድ ፈተና ስሕተታቸው ካልተጫወቱት በ37 ከመቶ ያነሰ፣ ሥራቸውም በ27 ከመቶ የፈጠነ ሆኖ አግኝቶአል። ጨዋታው እጅን አሠልጥኖ እንደ ሆነ፣ ወይም የሠለጠነ እጅ ጨዋታን ወድዶ እንደ ሆነ ግን ጥናቱ አይለይም። በአገራችንም ቅኔ የሚል ስም የያዘ ድርጅት፣ ዶሮ ከአሳዳጅዋ ስታመልጥ የሚያሳይ ኩኩሉ የተባለ ጨዋታ ሠርቶ፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶአል። የኢትዮጵያ ልጅ ከተመልካችነት አልፎ ሠሪ መሆኑ የሚያስደስት ነው።

ጉዳቱ ከጨዋታው ይልቅ ፍጻሜ ከማጣቱ ይመጣል። የገና ጨዋታ በገና ሰሞን ነው፤ ሲመሽም ዱላው ይቀመጣል። ገበጣም ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል። ብዙዎቹ የስልክ ጨዋታዎች ግን አንዱ ደረጃ ሲፈጸም ሌላው እንዲከተል፣ ልጁም በየቀኑ ካልተመለሰ ሽልማቱ እንዲቀርበት ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ሠሪው የሚያተርፈው ልጁ በቈየ መጠን ነውና። የሠፈሩ ባለ ቤትም ሒሳቡን በጨዋታ ቍጥር ስለሚቀበል፣ ልጁን ወደ ቤትህ ሒድ ለማለት ትርፉ አይፈቅድለትም።

የዓለም የጤና ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጨዋታን ሱስ ጽፎአል። ነገር ግን ልጅ ጨዋታ ስለ ወደደ ብቻ ሕመምተኛ አይባልም፤ መግታት ተስኖት ትምህርቱና ኑሮው ሲበላሽ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ሲቈይ ነው። ቻይና በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከ18 ዓመት በታች ላሉት የኢንተርኔት ጨዋታ በዐርብ፣ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓል ማታ ለአንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደች። በእናቱ ስልክ ለሚጫወት የጉለሌ ልጅ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ብዙ አይሠራም።

ቤቶቹ በትምህርት ሰዓት ልጅ እንዳይቀበሉ፣ ሲመሽም እንዲያሰናብቱ ማድረግ ግን ከወረዳው ሹም ሥልጣን አይርቅም። የስልኩን ሰዓት መወሰን የወላጅ ነው፤ ይህንንም ለወላጅ ከንስሐ አባት የተሻለ አድርጎ የሚነግር የለም። ፈጽሞ ይዘጉ የሚሉት ደግሞ ልጁ የሚሄድበትን ሜዳ አስቀድመው ያሳዩ። የእንጦጦ ደን ለሽሮ ሜዳ ቅርብ ቢሆንም፣ ሸማኔው አባት ከጕድጓዱ ተነሥቶ ልጁን በየቀኑ ሊያደርሰው አይችልም።