ታማኝ አባል

ከዋይትሆል፣ ኦሃዮ

ሰሞኑን ከማሪዮት ሆቴሎች «ውድ ታማኝ አባላችን» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ወገኖቼ፣ ታማኝ ስባል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው! ለስብሰባና ለሰላማዊ ሰልፍ ዋሽንግተን ስመላለስ ያደርኩበት ሌሊት ሁሉ ነጥብ ሆኖ ተቆጥሮልኛል።

ማሪዮት የሸራተንን እናት ኩባንያ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ስለገዛ፣ በዚሁ ነጥብ ሸራተን አዲስ ማደር ይቻላል። ሼክ አል አሙዲ ያሠሩትና በ1998 የተከፈተው፣ ድሃው በአጥር ላይ የሚያየው ያ ሆቴል ማለቴ ነው።

አገራችንም የታማኝነት ነጥብ ነበራት። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2010 እንዳጋለጠው፣ ተቃዋሚ የተባለ ገበሬ ማዳበሪያ፣ ብድርና የሴፍቲኔት እርዳታ ይከለከል ነበር። ሆቴሉ እንኳ ይሻላል፤ ታማኝ ያልሆነውንም ከከፈለ ያሳድረዋል፤ ወያኔ ግን አባል ያልሆነውን ያስርብ ነበር።

ባለቤቴ «ጓዶችህ በ2018 ገብተዋል፤ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ያደግኩባት ካዛንቺስ ከሸራተን በእግር የምትደረስ ነበረች፤ በ2024 በኮሪደር ልማት ስም አብዛኛዋ ፈረሰች። አልጋውስ ይገኛል፤ ጠዋት ተነሥቼ የማንን በር ላንኳኳ?

ነጥቡ 24 ወር ካልተንቀሳቀሰ ይቃጠላል ይላሉ። ይቃጠል! አገሬ ስገባ የማድረው የተበተኑት ጎረቤቶቼ ካሉበት፣ ከከተማው ዳር ነው። እነሱ ታማኝነቴን በነጥብ አይቆጥሩም፤ የሚጠይቁኝ «ለምን ዘገየህ?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ እያዘጋጀሁ ነው።

ቸር ይግጠመን!