የገዳም ቢራ ፍለጋ እስከ ቤልጂየም?

ሰሞኑን ቦሌ አንድ ቤት ተሰብስበን የቤልጂየም «የገዳም ቢራ» ቀመስን። ቢራው ሌፍ ይባላል። አንዱ ጓደኛችን ዓይኑን ጨፍኖ «ትንሽ የጭስ ጠረን አለው፤ መጨረሻ ላይ መረር ይላል» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሂሳቡ ሲመጣ መነቅነቃችን ቆመ።

ወገን፣ ስለ ጭስና ስለ ምሬት ካወራን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እንዴት ዘለልናቸው? የምዕራብ ጎጃሟ ጠማቂ እንስራዋን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች፤ ጭስ ማለት ይሄ ነው። ጌሾዋን ወቅጣ ትጠነስሳለች፤ ምሬት ማለትም ይሄ ነው። ከዚያ ብቅሉ፣ ቂጣው፣ የዳጉሳው ወይም የበቆሎው እንኩሮ በየተራው ይገባል። መቼ ውሃ እንደሚሞላበት በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው። ይህችን ባለሙያ ግን «ጠላ ሻጭ» ብለን ስድብ አድርገናታል።

ደግሞ ጠርሙሱን እንየው። ሌፍ የሚጠመቀው ሌቨን ከተማ፣ በኤቢ ኢንቤቭ ትልቅ ፋብሪካ ነው። ገዳሙ ጠመቃውን በፈረንሳይ አብዮት ዘመን አቋርጧል፤ ስሙ የተመለሰው በ1952 እ.ኤ.አ. ከአንድ ቢራ ጠማቂ ጋር በተደረገ ውል ነው። ዛሬ ገዳሙ የስሙን ክፍያ ይቀበላል። እኛ ደግሞ መለያውን አይተን ተሳለምን! እነ ኦርቫልና ዌስትማል ሌላ ናቸው፤ በገዳማቸው ቅጥር ውስጥ ይጠመቃሉ። ትራፒስቶቹ «ትራፒስት» የሚለውን ስም ማንም እንዳይነግድበት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቁመዋል። ቅናታችን በዚህ ነው።

ጎጃም ውስጥ ጠላ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ መቼ ወጣና? የሰንበቴ ተራ የደረሳት እናት ከቅዳሴ በኋላ ለካህኑም ለነዳዩም እኩል ትቀዳለች። ማንም ግን መለያ አልለጠፈበትም፣ ስለዚህ አልቀመስነውም።

ለነገሩ የቤልጂየሙ መጥፎ ነው አላልንም። ብዙዎቹ ጠርሙስ ውስጥ እርሾው ሥራውን ስለሚቀጥል ዓመታት የሚቆዩ አሉ። ጠላ በቀናት ይኮመጥጣል፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነም ሆድ ያውካል። ይህ እውነት ነው፣ መስተካከልም አለበት። ከቤት ቤት ይለያያል የሚለው ክስ ግን አይገባንም። የፈረንጅ ቢሆን «ባሕርይ አለው» እንል ነበር።

እናንተ ቦሌ ላይ ቤት የምትከፍቱ ልጆች፣ የቡሬን የዳጉሳ ጠላ ከነጠማቂዋ ስም ሜኑ ላይ አስገቡት። ለሌፍ የከፈልነውን አስከፍሉን፤ ከገንዘቡ ግን ለእሷ የሚደርሰውን ንገሩን። ዓይኑን የሚጨፍነውን ጓደኛችንን ይዘን እንመጣለን።