ቃሉን ከነጉዳዩ ማስተማር

«ሴክስ» እና «ጀንደር» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አማርኛ «ፆታ» እና «ሥርዓተ ፆታ» ብሎ ይለያቸዋል። አንደኛው ተፈጥሮ የሰጠውን የአካል ልዩነት፣ ሌላው ማኅበረሰብ ለወንድና ለሴት ያከፋፈለውን ሥራ፣ ጠባይና ሥልጣን ይመለከታል። መውለድ የፆታ ጉዳይ ነው፤ ውሃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር የሥርዓተ ፆታ ነው። ልዩነቱ በዚህ አንድ ምሳሌ ይገባል። ሆኖም የሁለቱን ቃላት ፍቺ ለፈተና ሸምድዶ፣ በገዛ ቤቱ ማን ውሃ እንደሚቀዳ አንዴም ሳያስብ ክፍል የሚያልፍ ተማሪ አለ።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። የሴቶችን መብትና የፆታ እኩልነትን የሚመለከቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ከአማርኛ ወይም ከሌላው የተማሪው አፍ መፍቻ ቋንቋ አቻቸው ጋር፣ ከሚጠሩት ጉዳይ ጋር፣ ጉዳዩንም ከሚገዛው ሕግ ጋር አብረው መሰጠት አለባቸው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የእንግሊዝኛ መምህር ቋንቋ ብቻ አያስተምርም። አንዲት ተማሪ የደረሰባትን ነገር የምትጠራበትን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የምታገኘው በእሱ ክፍለ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ከፍቺ ዝርዝር ብቻ ከመጣ ደግሞ የፈረንጅ ጉዳይ መስሎ ይቀራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ከደነገገበት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ግን ስንት ዓመት አለፈ!

ትምህርቱ ከተማሪው ቋንቋ ቢነሳ የሚገኘው ምሳሌ ብዙ ነው። እንግሊዝኛ ያላገባን ወንድ «ባችለር»፣ በዕድሜ የገፋችን ያላገባች ሴት «ስፒንስተር» ይላል፤ ሁለተኛው ቃል ንቀት አለበት። ይህን ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ወንዱ «ላጤ» ሲባል ሴቷ «ቆሞ ቀር» እንደምትባል ተማሪው ሁሉ ሰምቷል። «ስቴሪዮታይፕ» የሚለው ቃልም ደፋር ሴት «ወንድ ናት!» ተብላ ስትመሰገን፣ የፈራ ወንድ ደግሞ «ሴት ነህ እንዴ?» ሲባል ከሁሉ በላይ ይገባል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ መከራከር ከአሥር የባዶ ቦታ ሙላ ጥያቄዎች የበለጠ ያስተምራል።

የማዕረግ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ወንድ ቢያገባም ባያገባም «ሚስተር» ነው፤ ሴት ግን «ሚስ» ወይም «ሚሲስ» ተብላ በትዳሯ ትለያለች። አማርኛ «አቶ»ን ለወንድ ሁሉ ሰጥቶ ሴትን በ«ወይዘሪት» እና በ«ወይዘሮ» ይከፍላታል። በአሜሪካ የሴቶች ንቅናቄ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. «ሚዝ» የሚለውን፣ ትዳርን የማይጠይቀውን መጠሪያ አስፋፋ። ኒው ዮርክ ታይምስ የተቀበለው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው።

አማርኛ ቀድሞ የተገኘበት ቦታም አለ። ለአንድ ሰው «ዴይ» (እነሱ) ማለት ለእንግሊዝኛ ተማሪ እንግዳ ይመስለዋል። ነገር ግን «ዶክተር መጥተዋል» የሚለው የአክብሮት አነጋገር መጪው ሴት ይሁን ወንድ አይናገርም፤ ያንኑ የብዙ ቁጥር ግሥ ለአንድ ሰው ይጠቀማል። በአንጻሩ «አንድ ተማሪ ሲዘገይ» የሚለውን የሚተረጉም ተማሪ ያለማመንታት «ሂ» ብሎ ይጽፋል። በአዋጆች ውስጥ በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም እንደሚጨምር የሚደነግግ አንቀጽ የሚገባው በዚሁ ልማድ ምክንያት ነው። ያንን አንቀጽ ለክፍሉ ማንበብ ጥሩ ትምህርት ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻቸው የጥቃት ስሞች ናቸው። «ሴክሽዋል ሃራስመንት» የሚለው ሐረግ በአሜሪካ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የነበሩ ሴቶች በሥራ ቦታ ለሚደርስባቸው ነገር ስም ሲፈልጉ ነው። ድርጊቱ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ስም ስላልነበረው ግን ለመክሰስ ቀርቶ ለመናገርም ያስቸግር ነበር። አማርኛ ዛሬ ስሞቹ አሉት። በመንገድ የሚሰማው ለከፋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ወሲባዊ ትንኮሳን ከወሲባዊ ጥቃት ይለያል፦ ያለ ፈቃድ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ ሁኔታ ለወሲብ መገፋፋት ትንኮሳ ነው፤ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲጨመርበት ጥቃት ይሆናል። ተማሪው «ሃራስመንት» እና «አሶልት» የሚሉትን ቃላት ከዚህ አዋጅ ጋር አስተያይቶ ቢማር ሁለቱን አያምታታም።

«ጠለፋ»ም ሌላ ምሳሌ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከክስ ይድን ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን መሸሸጊያ ዘግቶበታል። ስለዚህ «አብዳክሽን» የወንጀል ስም እንጂ የጋብቻ ዓይነት ስም ሆኖ መቅረብ የለበትም።

«ኢኳሊቲ» እኩልነት ሲሆን «ኢኩዊቲ» ፍትሐዊነት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ ለደረሰባቸው አድልዎ ማካካሻ የድጋፍ እርምጃ እንዲያገኙ መፍቀዱ የሁለቱን ልዩነት ያሳያል።

«ፌሚኒዝም» ለመጨረሻ ቢቆይ ይሻላል፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ቃል ነውና። በአማርኛ ሴታዊነት የሚሉት አሉ። የሴቶችንና የወንዶችን የፖለቲካ፣ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ መብት እኩልነት የሚሻ አስተሳሰብና ንቅናቄ ነው። የወንድ ጥላቻ አድርጎ ማስተማር ስህተት ነው፤ ወንዶች ተማሪዎችንም ከውይይቱ ያስወጣል። አስተሳሰቡን የማይቀበል ተማሪ በእንግሊዝኛ እንዲከራከር ይፈቀድለት። ፍቺውን አጣሞ እንዲከራከር ግን አይፈቀድለት።

በአሠራር ረገድ ከመምህሩ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር የራሱን ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች መመርመር ነው። አባት ጋዜጣ እያነበበ እናት ወጥ የምትሠራበት ዓረፍተ ነገር ስለ እኩልነት የተባለውን ሁሉ ያፈርሳል። ሁለተኛ፣ ስለ ጥቃት ሲወራ ማንም ሴት ተማሪ የራሷን ገጠመኝ እንድትናገር መጠየቅ የለባትም፤ በምናብ የተፈጠረ ባለታሪክ ይበቃል። ከትምህርቱ በኋላ ግን ወደ መምህሩ የምትመጣ ተማሪ ልትኖር ስለምትችል፣ መምህሩ በትምህርት ቤቱ አቤቱታ የሚቀርብለትን ሰው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ፈተና አውጪዎችም የ«ጀንደር»ን ፍቺ ምረጥ ከማለት ይልቅ አጭር ታሪክ ሰጥተው፣ ድርጊቱ ለከፋ፣ ትንኮሳ ወይስ ጥቃት እንደሆነ ተማሪው በእንግሊዝኛ ከነምክንያቱ እንዲጽፍ ይጠይቁ።