ሥራ ሳይጀመር የሚጠየቅ ገንዘብ

«በቤትዎ ተቀምጠው በስልክዎ ይሥሩ» የሚለው ጥሪ ልጆቿን እያሳደገች ተጨማሪ ገቢ ለምትሻ እናት እጅግ ያጓጓል። በኢንተርኔት የሚሠራ እውነተኛ ሥራ መኖሩ አይካድም። ዳሩ ግን በዚሁ ስም የሚነግዱ አጭበርባሪዎች በዝተዋል።

ስልታቸው ይህን ይመስላል። በቴሌግራም ይጽፋሉ፤ ፈተናም ሆነ የቃል ጥያቄ የለም። ቪዲዮ እየከፈተች እንድታደንቅ ያዟታል። መጀመሪያ ጥቂት ብር በእርግጥ ይከፍላሉ፤ ማጥመጃው ይህ ነው። ቀጥሎ «የሚበልጠው ሥራ እንዲከፈትልሽ ገንዘብ አስገቢ» ይላሉ። በስልኳ ላይ ትርፉ ሲያድግ ይታያል፤ ላውጣ ስትል ግን «በቅድሚያ ግብር ክፈዪ» ትባላለች። የእቁቡ ገንዘብ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ በዚሁ ይቀራል።

መለያው ቀላል ነው፤ አሠሪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ ሠራተኛ ለአሠሪ አይከፍልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ እንኳ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል እንዲሠራ ይደነግጋል።

ስለዚህ እህቶች፣ የመታወቂያችሁን ፎቶግራፍና የባንክ ምስጢር ቁጥራችሁን ለማታውቁት ሰው አትስጡ። የተታለለችም ብትኖር ኀፍረት አያግዳት፤ የተጻጻፈችውንና የከፈለችበትን ደረሰኝ ይዛ ሳትውል ሳታድር ለባንኳና ለፖሊስ ታመልክት። ዝምታ የሚጠቅመው አጭበርባሪውን ብቻ ነው።