«ልጄ ተዋናይት ልሁን አለችኝ»

ዱባይ ተራ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ ጥያቄ ልከዋል። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። እሳቸው አካውንቲንግ ተምራ ሱቁን እንድታግዛቸው ይሻሉ፤ እሷ ግን «ቴአትር ነው የምማረው» ብላ ድርቅ ብላለች። «ስሟ ይጠፋል፤ እንጀራም አይሆናት» ይላሉ እናት።

ስለ ስሙ አስናቀች ወርቁን ላንሳልዎት። አስናቀች መድረክ በጀመረችበት በ1940ዎቹ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ ነበር፤ ሴት ልጅ ሕዝብ ፊት ቆማ መዝፈኗማ ለቤተሰብ ውርደት። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆና የወጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። አስናቀች እዚያ ተውናለች፣ ዘፍናለች፣ ጨፍራለች። ክራሯን ይዛ ከባለ ማሲንቆው ጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም ሲወራረፉ ለነገር ቶሎ የምትሸነፍ አልነበረችም። አለባበሷም አንገት ከሚደፉት ወገን አልነበረም፤ እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ያን ያህል ያወራባት ከዘፈኗ ይልቅ አለማፈሯ ከንክኖት ነው።

ታዲያ ስሟ ጠፋ? ከኃይሉ መርጊያ ጋር የተቀረጸው ሥራዋ ፈረንጆቹ በ2003 በሚሉት ዓመት ከኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች 16ኛው ሆኖ ዓለምን ዞረ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላም ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ታይቷል። በጊዜው ያሟት ሰዎች ግን ማን እንደነበሩ የሚያስታውስ የለም።

ስለ እንጀራው ግን እውነትዎን ነው እናቴ፤ እዚህ ላይ አላባብልዎትም። የቴአትር ቤት ደመወዝ ለቤት ኪራይ አይበቃም፤ ፊልምና ማስታወቂያ ደግሞ አንድ ሰሞን ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። አንጋፋ ተዋንያን ሲታመሙ ለሕክምና ገንዘብ ሲለመንላቸው ስንት ጊዜ አየን። ልጅዎን ስለዚህ ያነጋግሯት እንጂ ሰው ምን ይላል እያሉ አይሟገቷት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ይሰጣል፤ ዲግሪ ይዛ የምትወጣበት ነው። የሱቁን ሂሳብም ጎን ለጎን ትልመድ። ዱባይ ተራ ዋጋ ስትከራከር ያደገች ልጅ ውል ስትፈርም በቀላሉ የምትታለል አይመስለኝም።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ እሑድ ሱቁን ዘግተው ሁለት ትኬት ይቁረጡና አብረዋት ይግቡ። ሲወጡ ስለ ዋናዋ ተዋናይት አይጠይቋት። ሻይ አቅርባ፣ ሁለት ቃል ተናግራ ስለወጣችው ይጠይቋት። «እሷንም ብሆን ደስ ይለኛል» ካለች ስለ ምዝገባው ያኔ ተነጋገሩ።