ልምምዱ ሲያልቅስ?

አራት ኪሎ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት የቆመ አዲስ ተመራቂ መጀመሪያ የሚፈልገው ደመወዙን አይደለም። ጣቱ በወረቀቱ ላይ ወርዶ «የሥራ ልምድ» የሚለው ጋ ይቆማል። «0 ዓመት» ካላለ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ያልተቀጠረ ልምድ ከየት ያመጣል?

እየከፈሉ በማሠራት ይህን አዙሪት ለመስበር የተሞከረው ዛሬ አይደለም። በኮብልስቶን ዘመን ዲግሪ የያዙ ሳይቀሩ ተደራጅተው መዶሻ ጨብጠዋል፤ መንደሩ ተነጥፎ ሲያልቅ ግን የማኅበሩ እንጀራ በሚቀጥለው የመንግሥት ሥራ ላይ ይንጠለጠል ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትና ሥራ ፕሮጀክት ሌላ መንገድ መረጠ፦ ወጣቶች በግል ድርጅቶች ውስጥ እየተከፈላቸው ሥራ እንዲለማመዱ።

አካሄዱ ደግ ነው። ዋናው ነገር ክፍያው ሲቆም ወጣቱ በእጁ ይዞት የሚወጣው ነው።

ለዚህ አዲስ አበባ ራሷ ማስረጃ አላት። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ቡድን ሥራ የሚፈልግበት የታክሲ ሒሳብ ተሰጠው። ሌላው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ ትምህርት ቤት ጋር በተዘጋጀ ሥልጠና ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ ተለማመደ፤ ችሎታውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨምሮ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የታክሲው ጥቅም ደብዛው ጠፋ፤ ሥልጠናውን የወሰዱት ግን ካልወሰዱት ይልቅ ገቢያቸው 20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ።

ሥራ ማስያዝ ብቻውን እንደማይበቃም ታይቷል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን አምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች በዕጣ የቀጠሯቸውን ሠራተኞች ሲከታተሉ፣ ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቅቋል፤ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን የለቀቀው 77 በመቶ ደረሰ። ድካሙና ለጤና አስጊነቱ ከክፍያው ጋር አልመጣጠን ብሏቸው ነበር።

እንግዲህ «ለዚህን ያህል ሺህ ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለው ሪፖርት ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ብየዳ የተለማመደ ልጅ ምን እንደሠራ፣ በየትኛው ማሽን፣ ለስንት ወር እንደሆነ ተፈትኖ፣ በአሠሪው ፊርማና ማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት ይሰጠው፤ ሌላ ቀጣሪ አንብቦ የሚያምነው እሱን ነው። ሁለተኛ፣ ቆጠራው ከዓመት በኋላ ይደገም። ያኔ ስንቱ በሥራ ላይ እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ድርጅት ልጆቹን እንዳስቀረና የትኛው በነፃ ጉልበት እንደተጠቀመ ስለሚለይ፣ የሚቀጥለው ዙር ምደባ በዚያው ሊሠራ ይችላል።